የእናት ዓይን ሒሳብ

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በስልክ ነው። ደሴ ወይም ደብረ ማርቆስ ያለችው እናት "ዓይኔን ጉም ጋረደው፤ ሰው ቀርቦ ካልተናገረ አልለይም" ትላለች። አዲስ አበባ ያለው ልጅ "ወደዚህ ትምጣና ጥሩ የግል ክሊኒክ ላሳያት" ይላል። ቨርጂኒያ ያለችው እህቱ "ቪዛ ይጠየቅላትና እዚህ ትታከም፤ ገንዘቡ በእኔ" ትላለች። ጎረቤት ደግሞ "ሞራ ነው፤ ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ይገፈፋል" ብሎ ያረጋጋል። ምክክሩ ወራት ይፈጃል፤ ፋሲካ ያልፋል፣ ክረምት ይገባል። እናት በዚህ መሀል ምድጃዋን በዳበሳ፣ ደጇን ግድግዳ ተደግፋ እያገኘች ትኖራለች።

ሁሉም የሚናገረው በፍቅር ነው። ሒሳቡ ግን የተሟላ አይደለም። ቤተሰቡ የሚያነጻጽረው እዚህ ስንት ይጠየቃል፣ እዚያ ስንት ይጠየቃል የሚለውን ብቻ ነው። የመንገዱ፣ የአስታማሚው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመቆየቱ ዋጋ ከሒሳቡ አይገባም። የሚከፈለው ገንዘብ በትክክል ምን እንደሚገዛም ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። በእኔ እምነት በዓይን ሞራ ጉዳይ ከሁሉም የሚወደደው አማራጭ መጠበቅ ነው። ርካሹ አማራጭ ደግሞ በሠለጠነ እጅ ከተሠራ ከውዱ የሚያንስበት ነገር ሰው ከሚገምተው እጅግ ጥቂት ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተካሄደው የዓይነ ስውርነትና የእይታ መቀነስ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ መሆኑን አሳይቷል። ስሙን አብዝተን የምንሰማው ትራኮማ በኮርኒያ (በዓይን ፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን) ላይ በሚተወው ጠባሳ ያሳወረው ከ11 እስከ 12 በመቶ የሚሆኑትን ነበር። ከሁለት ዓይነ ስውራን አንዱ፣ አንድ ጠዋት በማይሞላ ቀዶ ሕክምና የማየት ዕድል የነበረው ሰው ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል።

ሞራ ከዓይን ላይ የሚበቅል ስስ ሽፋን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። "ይገፈፋል" የሚባለውም ለዚህ ይመስለኛል። በእውነቱ ከብሌኑ ጀርባ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ነው የሚደፈርሰው። ዕድሜ ሲገፋ ይደፈርሳል፤ የስኳር በሽታ ያፈጥነዋል፤ የተመታ ዓይን ላይ ይመጣል፤ ስቴሮይድ ያለበትን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰውም ቀድሞ ያገኘዋል። የደፈረሰውን የሚያጠራ ጠብታም ሆነ ኪኒን የለም። ሐኪሙ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስቀምጣል፤ ሕክምናው ይኸው ነው። ጠበል የሚሄድ ሰው እምነቱን ይዞ ይሂድ፤ ጠበሉና ሐኪሙ የሚጣሉበት ነገር የለም። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ ማንጠባጠብ ግን ኮርኒያን ያቆስላል። የቆሰለ ኮርኒያ ጠባሳ ከያዘ ደግሞ በኋላ ሞራው ቢወጣም እይታው ሙሉ አይሆንም።

"ይብሰል" የሚለው ምክር ከየት መጣ? በዘመኑ ትክክለኛ የሐኪም ምክር ነበር። ቀድሞ ቀዶ ሕክምናው ሌንሱን ከነከረጢቱ በሰፊ ቁስል ማውጣት ነበር፤ በምትኩ የሚገባ ነገር አልነበረም። ታካሚው ቀሪ ዕድሜውን በጣም ወፍራም መነጽር አድርጎ ይኖራል፤ መነጽሩ ከወደቀበትም አይታየውም። ስለዚህ ጥቂትም ቢሆን የሚያይ ሰው ጨርሶ እስኪጋረድበት ቢጠብቅ ያተርፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ሃሮልድ ሪድሊ የተባሉ ሐኪም የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ በታካሚ ዓይን ውስጥ አስቀመጡ። በጦርነቱ ጊዜ የተሰበረ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ ዓይኑን ሳያስቆጣ መቆየቱን አስተውለው ነበር። ሌንሱ በዓለም ለመስፋፋት አሥርት ዓመታት ፈጀበት። አንዴ ከተስፋፋ በኋላ ግን ለመጠበቅ ምክንያት የነበረው ነገር ቀረ። ምክሩ ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

ዛሬ መጠበቅ የሚያስከፍለው ብዙ ነው። የቆየ ሞራ ይጠነክራል፣ ቡናማ ይሆናል፤ ለማውጣት ሰፋ ያለ ቁስል ወይም ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ችግር የመፈጠሩ ዕድልም ይጨምራል። ከዚያም ካለፈ ሌንሱ ያብጥና የዓይኑን የፈሳሽ መውጫ ይዘጋል፣ ወይም ውስጡ ቀልጦ ይፈስስና የዓይን ግፊቱን ያንረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ጨለማው አስጨንቆት ሳይሆን እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ይዞት ነው። ቀዶ ሕክምናው ሕመሙን ያስታግስለታል፤ ግፊቱ የጎዳውን የዓይን ነርቭ ግን የሚመልስ የለም። ሞራው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሊያይ ይችል የነበረ ሰው በመቆየቱ ብቻ ለዘለዓለም ይታወራል።

ታዲያ መቼ ነው ጊዜው? ዓይኑ ኑሮን ማደናቀፍ ሲጀምር። ምስር መልቀም ሲያቅት፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያስቸግር፣ ዳዊት መድገም ሲቀር፣ ሾፌር ማታ ከፊት የሚመጣ የመኪና መብራት ሲበተንበት። ተገላቢጦሹንም ልናገር፦ በምርመራ "ትንሽ ሞራ ጀምሯል" የተባለ፣ ግን በደንብ የሚያይና ሥራውን የሚሠራ ሰው መቸኮል የለበትም። በመነጽር የሚስተካከል እይታ ያለውን ሰው ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ይግባ የሚል ክሊኒክ ካለ ሌላ ሐኪም ጋ መሄድ ይገባል።

የሕፃናቱ ነገር ለብቻው ነው። ልጅ ብሌኑ ነጭ ሆኖ ከተወለደ ወይም በጨቅላነቱ ከነጣ በሳምንታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው። በዚያ ዕድሜ ብርሃን ያላገኘ ዓይን አእምሮ ማየትን ሳይማርበት ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ ሞራው ቢወጣም ያ የሚመለስ አይደለም። እዚህ ላይ ዋጋ ማነጻጸር የለም፤ በዚያው ሳምንት ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ ነው።

ወደ አማራጮቹ ልግባ። ብዙ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የሚጥለው ነጻ ዘመቻውን ነው፤ "ለድሃ የሚሰጥ ነገር ነው፣ በጅምላ ይሠሩታል" ይባላል። በዘመቻ የሚሠራው በአብዛኛው ያለ ትልቅ ማሽን በትንሽ ቁስል ሞራውን በእጅ የማውጣት ዘዴ ነው። ቁስሉ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አቆራረጡ በራሱ እንዲገጥም ሆኖ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ስፌት አይፈልግም። ዘዴውን ለብዙኃን እንዲደርስ አድርገው ያቃኑት ኔፓላዊው ሐኪም ሳንዱክ ሩይት ናቸው። እሳቸውና አሜሪካዊው ጄፍሪ ታቢን የመሠረቱት የሂማሊያ ካታራክት ፕሮጀክት ኢትዮጵያ ውስጥም ለዓመታት ሠርቷል፤ መቀሌ አጠገብ ያለው የኲሓ የዓይን ሆስፒታል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በዘመቻ ያስተናገደ ስፍራ ነው።

የዘዴው ጥራት በጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኔፓል ጥናት 108 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በዚህ ዘዴ፣ ግማሾቹን ሞራውን በድምፅ ሞገድ በሚሰብረውና የግል ክሊኒኮች በሚያስተዋውቁት በፋኮ ማሽን አሳከመ። ፋኮውን የሠሩት በሙያው የታወቁ አሜሪካዊ ሐኪም ነበሩ። ከ6 ወር በኋላ በሁለቱም ወገን 98 በመቶዎቹ በመነጽር ታርሞ 6/18 ወይም ከዚያ የተሻለ እይታ ነበራቸው፤ 6/18 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ18 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር መለየት ነው። በእጅ የተሠራው ግን በአማካይ 9 ደቂቃ ሲወስድ ፋኮው ከ15 ደቂቃ በላይ ወስዷል፤ ወጪውም በብዙ እጥፍ ያነሰ ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ዘመቻን "የድሃ" ብሎ አይንቅም።

ሌንሱስ? ርካሽ ሌንስ መጥፎ ሌንስ ነው ብሎ የሚፈራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሌንስ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በደቡብ ህንድ ማዱራይ ከተማ የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ያቋቋመው አውሮላብ እ.ኤ.አ. በ1992 ሌንስ ማምረት ጀመረ። የአውስትራሊያዊው ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ፋውንዴሽንም ካትማንዱና ጎረቤታችን አስመራ ላይ ፋብሪካ አቆመ። የሌንስ ዋጋ ከ10 ዶላር በታች ወረደ። የወረደው ጥራቱ አይደለም፤ ትርፉ ነው። ዛሬ በእኛ ሰዎች ዓይን ውስጥ ካሉት ሌንሶች ብዙዎቹ ከእነዚህ ርካሽ ከሚባሉት ወገን ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም እያዩባቸው ነው።

ዘመቻ ድክመት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ድክመቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ በልኬቱና በክትትሉ። ስለ ልኬቱ ትንሽ ቆም ልበል፤ ቤተሰብ ሊጠይቀው ሲገባ ፈጽሞ የማይጠይቀው ይህንን ነውና።

በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የዓይን መለኪያ ክፍል ውስጥ አንድ ጠዋት ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከሚሠራው ዓይናቸው በላይ ግንባራቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ወጣቷ ባለሙያ የማደንዘዣ ጠብታ ጨመረችላቸውና እስክሪብቶ የምታህል መለኪያ ወደ ዓይናቸው አስጠጋች።

"አባባ፣ ቀጥ ብለው ይመልከቱ፤ አይጨፍኑ።"

"የቱን ልመልከት ልጄ? የሚታየኝ እኮ የለም።"

"ድምፄ ወደሚመጣበት ይዩ፤ እንደዚያ፣ ጎበዝ።"

ማሳያው ላይ 22.4 የሚል ቁጥር ወጣ። ፊቷን ቋጠረችና ደግማ ለካች፤ 23.1። ደገመች፤ 23.1። ደገመች፤ 23.2። የመጀመሪያውን አጥፍታ የቀሩትን መዘገበች። "የፊተኛው ላይ ተጭኜባቸው ነው" አለችኝ፤ "ዓይኑን ከተጫንከው ያጥራል፤ ካጠረ የተሳሳተ ሌንስ ይመጣል።" ቁጥሩ የዓይኑ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። በርዝመቱ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት ከተፈጠረ የሌንሱ ኃይል በ3 ዲዮፕተር ገደማ ይዛነፋል። በመነጽር ቤት ቋንቋ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ሳለ ሰውየው ያለ ጠንካራ መነጽር በደንብ አያይም። ያቺ ባለሙያ ባትደግም ኖሮ አዛውንቱ መንገዱን ጨርሰው፣ ቢላውን ታግሠው፣ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት በግማሽ ብርሃን ነበር። ስህተቱ የማን እንደሆነም ማንም አያውቅም፤ "ሞራው ወጣ፣ ግን ዓይኑ ደካማ ነው" ተብሎ ይቀር ነበር።

በአንዳንድ ዘመቻዎች ይህ ልኬት ጊዜ ወይም መሣሪያ በማጣት ይዘለልና ለአብዛኛው ሰው የሚሆን አማካይ ኃይል ያለው ሌንስ ይገባል። ለብዙው ይበቃል፤ ዓይኑ ከአማካዩ ለረዘመ ወይም ላጠረ ሰው ግን አይበቃም። ስለዚህ እናቱን ወደ ዘመቻ የሚወስድ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄው "ዓይኗ ይለካል ወይ?" መሆን አለበት። ሁለተኛው "ዘመቻው ካለቀ በኋላ ችግር ቢፈጠር ማን ያያታል?" የሚለው ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ዓይን ከቀላ፣ ከታመመና እይታው ከቀነሰ በዚያው ዕለት መታየት አለበት፤ የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፣ ሲደርስ ግን ሰዓት አይሰጥም። መልስ የሚሰጥ ቋሚ ሆስፒታል አጠገቡ ያለው ዘመቻ ጥሩ ዘመቻ ነው።

የመንግሥት ሆስፒታል ሌላው መንገድ ነው። አዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳና ሌሎችም የዓይን ሐኪም ያሠለጥናሉ፣ ቀዶ ሕክምናም ይሠራሉ። ክፍያው ዝቅተኛ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ አባል የሆነ ገበሬ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ የሪፈር ወረቀቱን በሥርዓት ይዞ ከመጣ ብዙውን ሊሸፍንለት ይችላል። ወረቀቱን ዘሎ በቀጥታ ሪፈራል የመጣ ግን መድኑ አያድነውም፤ ስንት ሰው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ደርሶ ይህን ሲሰማ ያለቅሳል። የሚጎድለው ጊዜና ዕቃ ነው። ተራው ይረዝማል፤ አንዳንዴ ጠብታው ወይም ሌንሱ አልቋል ተብሎ ከውጭ መድኃኒት ቤት እንዲገዛ ይታዘዛል። የማስተማሪያ ሆስፒታል በመሆኑ ሠልጣኝ ሐኪም በአሠልጣኙ ፊት ሊሠራ ይችላል። ይህ የሚያስፈራ መሆን የለበትም፤ ነገር ግን አንድ ዓይን ብቻ የቀረው ሰው ወይም ዓይኑ የተወሳሰበ ችግር ያለበት ሰው ልምድ ያለው ሐኪም እንዲሠራለት መጠየቅ መብቱ ነው፣ በትሕትና ቢጠየቅ የሚቆጣ ሐኪምም አላየሁም።

የግል ክሊኒክ የሚሸጠው በዋናነት ጊዜን፣ ምቾትንና ፋኮን ነው። ፋኮ በቻርልስ ኬልማን እጅ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ ዘዴ ነው፤ በቀጭን መርፌ የሚመጣ የድምፅ ሞገድ ሞራውን ይሰብረዋል፣ ያው መርፌ ይመጥጠዋል። ቁስሉ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ታጥፎ የሚገባና ውስጥ የሚዘረጋ ሌንስ ይቀመጣል። ዓይኑ ቶሎ ይረጋጋል፣ ቁስሉ የሚያመጣው የእይታ መዛነፍም ያንሳል። ሞራው ገና ለስላሳ ለሆነ፣ በሳምንቱ ኮምፒዩተር ፊት ወይም መሪ ጀርባ መመለስ ላለበት ሰው ይህ ገንዘብ የሚያወጣ ጥቅም ነው። ሞራዋ ጠንክሮ ለቡናማነት ለደረሰ የሰባ አምስት ዓመት እናት ግን በእጅ የሚሠራው ዘዴ የተሻለ ደኅንነት ሊኖረው ይችላል። ለዚህች እናት "ፋኮ ካልሆነ አይሆንም" ብሎ መበደር ስሕተት ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጥራ፦ ፋኮ ሌዘር አይደለም። "በሌዘር ሞራ እናወጣለን" የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። የቀዶ ሕክምናውን ጥቂት ደረጃዎች በሌዘር የሚሠራ ውድ ማሽን በዓለም ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆኑ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ አንዱ ፈረንሳይ አንዱ ብሪታኒያ የተሠሩ፣ ከተለመደው ፋኮ ጋር አወዳድረውት የተሻለ ውጤት አላገኙበትም፤ ወጪው ግን ከፍ ያለ ነው። ሌዘር በእርግጥ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሌንሱን የያዘው ስስ ከረጢት ሊደፈርስ ይችላል፤ ሰዎች "ሞራው ተመለሰ" ይሉታል፤ የወጣ ሞራ ግን አይመለስም። ይህ በጥቂት ደቂቃ የሌዘር ሕክምና ይጠራል። ዋጋ ሲጠየቅ ይህም አብሮ ይጠየቅ።

ሌላው መሸጫ "ሩቁንም ቅርቡንም የሚያሳይ" ሌንስ ነው። እውነት አለው፣ ብዙ ሰውን ከመነጽር ይገላግላል። ነገር ግን ማታ በመብራት ዙሪያ ክብ ብርሃን ያሳያል፣ የእይታን ጥራትም ጥቂት ይቀንሳል። ግላኮማ፣ የስኳር በሽታ ያመጣው የሬቲና ጉዳት ወይም ከትራኮማ የተረፈ የኮርኒያ ጠባሳ ላለበት ዓይን አይመከርም። በእኛ አገር እነዚህ ሁሉ ብርቅ አይደሉም። ለሩቅ የሚሆን መደበኛ ሌንስ ገብቶላት፣ ለማንበብና ለስፌት ቀላል የቅርብ መነጽር የገዛች እናት ምንም አልቀረባትም። ለልዩ ሌንስ የሚጨመረው ገንዘብ ሁለተኛውን ዓይን በመደበኛ ሌንስ ያሠራ ይሆናል፤ እኔ ሁለቱን ዓይን እመርጣለሁ።

የዋጋ ዝርዝር እዚህ ያላስቀመጥኩት ሆነ ብዬ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሌንሱ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ዓይን ውስጥ የሚገባው ዝልግልግ ፈሳሽ፣ የማሽኑ መለዋወጫ፣ ሁሉም ከውጭ ነው። አምና የታከመ ጎረቤት የነገረን ዋጋ ዛሬ አያገለግልም። የሚያገለግለው ጥያቄው ነው፦ ይህ ዋጋ ልኬቱን፣ ሌንሱን፣ ጠብታውን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉትን ቀጠሮዎች ያጠቃልላል ወይስ ለየብቻ ይከፈላሉ?

አሜሪካ ስለመውሰዱ። እንዲህ የሚያስበው ልጅ ፍቅሩ ከልቡ ነው፤ ግን ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የአሜሪካ ሜዲኬር የሞራ ቀዶ ሕክምናን ከመደበኛ ሌንስና ከአንድ መነጽር ጋር ይሸፍናል፤ ታካሚው የዓመቱን መነሻ ክፍያና 20 በመቶውን ይችላል። በጉብኝት ቪዛ የመጣች እናት ግን ሜዲኬር የላትም። ግሪን ካርድ ይዛ ብትመጣና እዚያ ሠርታ የማታውቅ ብትሆን፣ ዕድሜዋ 65 ካለፈ በኋላም አምስት ዓመት በተከታታይ ካልኖረች ወርኃዊ ክፍያ እየከፈለች እንኳ መግባት አትችልም። የጎብኚ ኢንሹራንስ ደግሞ በተለምዶ ከመምጣቷ በፊት የነበረን ሕመም አይሸፍንም። በኪስ ከተከፈለ ለአንድ ዓይን ብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ አውሮፕላኑ ሳይቆጠር። በዘመቻ መልክ ለአንድ ዓይን የሚውለው ቁሳቁስ በአሥር ቤት የሚቆጠር ዶላር መሆኑን ከዚህ ጋር ማስተያየት ነው። ለእናት ገንዘብ አይሰሰትም፤ ይህን አውቃለሁ። ለተለመደ ሞራ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ የሚገዛው የተሻለ ዓይን አይደለም። ቪዛ እስኪመጣ የሚያልፈው ዓመት ደግሞ እናት በጨለማ የምታሳልፈው ዓመት ነው።

አሁን ማንም ወደማይቆጥረው ልምጣ። ለሞራ ቀዶ ሕክምና አንድ ሰው ብቻውን አይመጣም። ለምርመራ ይመጣሉ፣ ለቀጠሮ ይመጣሉ፣ ለቀዶ ሕክምናው ያድራሉ፣ በማግስቱ ፋሻው ይፈታል፣ በሳምንቱ ይታያሉ፣ በወሩ ይታያሉ። ይህ ሁሉ በሁለት ሰው የሚባዛ ነው፤ ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የአስታማሚው የቀን ምንዳ። ብዙ ጊዜ አስታማሚው የልጅ ልጅ ነው። አያቱን በዘንግ ጫፍ ይዞ የሚመራ ልጅ ቀዶ ሕክምናው ከመድረሱ በፊትም ለወራት ከትምህርት ቤት ቀርቷል። ቀዶ ሕክምናው ነጻ ሆኖ ሳለ ሰው የሚቀረው በዚህ ነው። ሴቶች ደግሞ ይበልጥ ይቀራሉ፤ በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ሴቶች በሞራ የሚታወሩት ከወንዶች በልጠው ሳለ ቀዶ ሕክምናውን የሚያገኙት አንሰው መሆኑን አሳይተዋል። ገንዘቡ በባል ወይም በልጅ እጅ ነው፣ እናትም "እኔ ምን ሥራ አለኝ፣ ለልጆቹ ይሁን" ብላ ራሷን ትሰርዛለች።

ሥራ ግን አላት። በኬንያ፣ በባንግላዴሽና በፊሊፒንስ ሞራቸው የወጣላቸውን ሰዎች የተከታተለ ጥናት ከዓመት በኋላ ታካሚዎቹ ምርታማ በሆነ ሥራ የሚያሳልፉት ጊዜ መጨመሩን፣ የቤተሰባቸው ኑሮም መሻሻሉን አግኝቷል። ቡና የምታፈላ፣ ጥጥ የምትፈትል፣ የልጅ ልጅ የምትጠብቅ ሴት ዓይኗ ሲከፈት የሚመሩዋትም እጃቸው ይፈታል። ስለዚህ የጤና መድኑ ለቀዶ ሕክምናው ብቻ ሳይሆን ለታካሚውና ለአንድ አስታማሚ መጓጓዣ ቢከፍል ወጪው እንደ ልግስና መታየት የለበትም። ከጅዳ ወይም ከዋሽንግተን ገንዘብ የሚልክም ከሌንሱ በፊት ይህን ይሸፍን፤ አንዱ ልጅ ሳምንት ፈቃድ ወስዶ አብሯት እንዲሆን፣ ጠብታውን በሰዓቱ የሚያንጠባጥብላት ሰው እንዲኖር። አንዱ ዓይን ከተሠራና ከዳነ በኋላ ሁለተኛውን ማሠራትም ከመጀመሪያው ቀን በሒሳቡ ውስጥ ይግባ።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 አገሮች እስከ 2030 የሞራ ቀዶ ሕክምና ሽፋናቸውን በ30 በመቶኛ ነጥብ እንዲያሳድጉ ግብ አስቀምጧል። ይህ ግብ የተሠሩትን ዓይኖች ብቻ አይቆጥርም፤ ከተሠሩ በኋላ በደንብ ያዩትን ነው የሚቆጥረው። የእኛ ዜና ግን አሁንም "ለዚህን ያህል ሺህ ሰዎች የሞራ ቀዶ ሕክምና ተሰጠ" ብሎ ይዘጋል። ከአራት ሳምንት በኋላ ስንቶቹ እንዳዩ አንሰማም። ዘመቻ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች፣ የመንግሥት ሆስፒታሎችና የግል ክሊኒኮች ይህንን ቁጥር በየዓመቱ ግድግዳቸው ላይ ቢለጥፉ ቤተሰብ ስለ ማሽኑ ስም ከመጨነቅ ይድናል። እስኪለጥፉ ድረስ ልጆች በአፋቸው ይጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ሠራችሁ? ከወር በኋላ ስንቱ 6/18 ወይም ከዚያ በላይ አየ? ይህን ሲጠየቅ መዝገቡን ከፍቶ የሚያሳይ ሐኪም፣ ወንበሩ ያረጀ ሆስፒታል ውስጥም ቢሆን፣ ቀጠሮ ልይዝለት የምፈልገው ሐኪም ነው።